አሰብን ከኮምቦልቻ ሲያዩዋት

በቅርቡ ኮምቦልቻ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ አሰብ ይከራከራሉ። ከኋላቸው ትልቅ ካርታ አለ። አንደኛው ተነሥቶ ከድንበሩ እስከ ባሕሩ በጣቱ መስመር ሳበ። «ይኸው፣ ቅርብ እኮ ነው» አለ።

አጎቴ ስኒውን አስቀመጠ። «በጣት ከሆነማ ቅርብ ነው» አለና የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋው።

አጎቴ አሰብ ወደብ ላይ ወዛደር ነበር። መጀመሪያ የሄደው በጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ነው። በኋላ እዚያው ቀረ። ጆንያ ተሸከመ፣ ሚስት አገባ፣ ልጅ ወለደ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሁሉንም ትቶ ወጣ። ከቤት ዕቃው ይዞ የመጣው አንድ የሽቦ አልጋ ብቻ ነው። ለምን አልጋውን እንደመረጠ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስጠይቀው «ሙቀት ላይ የምትተኛበት ካለህ ሌላው ትርፍ ነው» ይለኛል። ኮምቦልቻ ግን እንደዚያ አይሞቅም።

ይህን የማነሣው ስለ አሰብ የምንሰማው ወሬ ሁሉ አንድ ነገር ስለሚጎድለው ነው። ከተማዋ ራሷ የለችበትም። ካርታ አለ፣ ኪሎ ሜትር አለ፣ ውል አለ፣ የመርከብ ብዛት አለ። ሰው የለም። ወሎ ውስጥ ደግሞ አሰብ መጀመሪያ ሰው ናት። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ባቲም፣ ከአሰብ የተመለሰ ዘመድ ወይ ጎረቤት የሌለው ቤት ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ከከተማዋ ልጀምር።

አሰብ ዛሬ የኤርትራ የደቡባዊ ቀይ ባሕር ዞባ፣ ማለትም ክልል፣ ዋና ከተማ ናት። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1996 አገሯን በስድስት ዞባ ስትከፍል አንደኛውን ከአሰብ ሆነው እንዲያስተዳድሩት አደረገች። ምድሩ የአፋር ምድር ነው። ከባብ ኤል መንደብ ብዙም አይርቅም። ከባሕሩ ማዶ የየመኗ ሞካ አለች። ወደቡን ከፊቱ ያሉት ደሴቶች ከማዕበል ይከልሉታል። ዝናብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ በዓመት የሚጥለው ሁሉ ቢጠራቀም 50 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ደሴ በክረምት አንድ ከሰዓት ላይ የምታገኘው ዝናብ ለአሰብ የዓመት ቀለብ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የእነሱ በጋ ደግሞ የእኛ ክረምት ነው። እዚህ ጋቢ ስንደርብ እዚያ አንሶላ እያራሱ ይተኛሉ።

ሰፈሮቿን አጎቴ እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። አሰብ ሰጊር፣ ትንሿ አሰብ። አሰብ ከቢር፣ ትልቋ አሰብ። ስሞቹ ዐረብኛ ናቸው። ሦስተኛው ካምቦ ሱዳን ነው። ከመሀል አገር የወጣው የወደብ ወዛደር በብዛት የሰፈረው እዚያ ነበር። አጎቴ ካምቦ ሱዳን ሲል ድምፁ ይለወጣል። ወሎዬው፣ ሸዌው፣ ጉራጌው፣ ትግሬው፣ አፋሩ በአንድ የውኃ ወረፋ ላይ የሚቆምበት ሰፈር ነበር ይላል። የሚነጋገሩት በአማርኛ ነበር። ከአሰብ አፋሮች አማርኛ የሚችለው ጥቂት አልነበረም። ከየመን ጀልባ የሚመጣ ነጋዴ ዐረብኛውን፣ የወደብ ሰው አማርኛውን፣ ቢሮ ያለው ትግርኛውን ይዞ ይከራከራል። ዋጋው ላይ ግን ሁሉም ይግባባል።

አሁን ታሪኩን ላንሣ፤ አጭር አይደለም፣ ግን ደሴ ውስጡ አለች።

ኅዳር 1862 ዓ.ም. ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ጣሊያናዊ የቀድሞ ሚሲዮናዊ አሰብ ደረሰ። ሩባቲኖ ለሚባል የመርከብ ኩባንያ ብሎ የባሕር ዳርቻውን ከአካባቢው የአፋር ገዢዎች ገዛ። ጊዜውን ልብ በሉ። በዚያው ወር የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። ቀይ ባሕር ከጓሮ ወደ ዋና መንገድ ሲለወጥ ሰውዬው ቀድሞ መንገድ ዳር ቦታ ያዘ። የጣሊያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1882 ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ የያዘችው የመጀመሪያ ቅኝ ግዛት ይኸው ነው። ምጽዋን የያዘችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ኤርትራ የሚለው የቅኝ ግዛት ስም የታወጀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በአንዲት ሞቃት የባሕር ዳርቻ ግዢ ነው።

ወሎ የምትገባው ሐምሌ 1920 ዓ.ም. ላይ ነው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ተፈሪ መኮንን ከጣሊያን ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከውሉ ጋር ሌላ ስምምነት ነበር። ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ ይሠራል። ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ ነጻ ቀጠና ታገኛለች፣ ለ130 ዓመት። ቁጥሩን ስሰማ ሁልጊዜ እጣቶቼን ቆጥሬ እደምራለሁ። ውሉ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ እስከ 2050 ዓ.ም. ድረስ ይሠራ ነበር። እኛ አሁንም በዚያ ውል ውስጥ እንሆን ነበር ማለት ነው።

ግን ልብ በሉ፣ መንገዱ መድረሻው አዲስ አበባ አይደለም። ደሴ ናት። የንጉሥ ሚካኤል ከተማ የአሰብ ጫፍ ሆና በወረቀት ተጽፋለች። የሰሜኑን ደጋ ንግድ ከባሕሩ ጋር የሚያገናኘው በር ደሴ ላይ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይህን ደሴ ውስጥ እንኳ ብዙ ሰው አያወራውም። ስለ ንጉሡ አይጠየፍ አዳራሽ እናውቃለን። ስለ መንገዱ ውል ግን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም።

በውሉ መሠረት መንገዱ አልተሠራም። ሁለቱም ወገኖች ተጠራጠሩ፣ ተጓተቱ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጣሊያን በጦር መጣች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከአየር በቦምብ ተደበደበች። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሰሞን ደሴ ነበሩ። መንገዱን በመጨረሻ ጣሊያን ራሷ በወረራው ዓመታት ሠራችው። በስምምነት ያልወጣ መንገድ በጦርነት ወጣ። ኮምቦልቻም ያደገችው በዚያ መገንጠያ ላይ ነው። አንዱ መንገድ ወደ ደሴ ይወጣል፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ባቲ ይታጠፋል። ሦስት መንገድ የተገናኘበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ሻይ ቤት ይከፈታል። ከዚያ ጎሚስታ። ከዚያ አልጋ ቤት። ከዚያ ከተማ ነው።

ያ መንገድ ራሱ አንድ ዓለም ነው። ከኮምቦልቻ ስትነሡ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናችሁ። ገርባን አልፋችሁ ባቲ ትደርሳላችሁ። ሰኞ ከሆነ መኪናው መንቀሳቀስ አይችልም። የባቲ ሰኞ ገበያ ግመልና በሬ፣ ጨውና ጤፍ፣ አፋርና ኦሮሞ፣ አማራና አርጎባ የሚገናኙበት ነው። ከባቲ በኋላ መሬቱ ይወድቃል። ካሳጊታ፣ ሚሌ። ሚሌ ኬላ አለ፤ ሾፌሮች ስሙን ሲሰሙ አሁንም በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ሎጊያን ታልፋላችሁ። ዛሬ እዚያ አካባቢ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ሰመራ አለች። ያኔ ባዶ ሜዳ ነበር። ሰርዶ፣ ዲችኦቶ። ዲችኦቶ ላይ መንገዱ ይለያል፤ አንዱ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ሌላው በኤሊዳርና በማንዳ አድርጎ ቡሬ ይደርሳል። ከቡሬ እስከ አሰብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠቅላላው ከኮምቦልቻ ወደ ግማሽ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ባለ ተሳቢ ፊያት ይህን ስንት ቀን ይፈጅበት እንደነበር አጎቴን ብትጠይቁት መልሱ «እንደ ጎማው ነው» ነው። አስፋልቱ ቀን ቀን እሳት ነው። ጎማ ይፈነዳል። ሾፌሩ ሌሊት መንዳት ይመርጣል። ረዳቱ ካቢናው ላይ ተኝቶ ኮከብ ይቆጥራል። ሲመለሱ ኮምቦልቻ ላይ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ጥብስ ያዛሉ፣ ከጭነቱ ጎን የሸጎጡትን ሸቀጥ ይሸጣሉ። ሰልባጅ ልብስ፣ ሽቶ፣ ራዲዮ፣ ሳሙና። የዚያ ዘመን የኮምቦልቻ ልጅ የለበሰው ጂንስ ብዙ ጊዜ ከአሰብ ነው። ሕጋዊ ነበር አልልም።

በእርግጥ ሁሉም የአሰብ ጭነት በእኛ ደጅ አላለፈም። ከሚሌ በገዋኔ አድርጎ አዋሽ የሚወጣው መንገድ ከተሠራ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና በዚያ ማቋረጥ ጀመረ። ኮምቦልቻ ያን ጊዜም ትንሽ ተጎድታለች። ግን የሰሜኑ ጭነት አልቀረባትም።

ወደቡ ትልቅ የሆነው ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ደርግ በ1979 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣ፤ በዚያ መሠረት አሰብ በ1980 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆነች። ከዚያ በፊት የወሎ ክፍለ ሀገር በአውሳ አውራጃ በኩል እስከ አፋር ቆላ ድረስ ይዘረጋ ነበር። ወሎና አሰብ ማለት ያኔ የሩቅ ዘመዳሞች አልነበሩም። አጥር ተጋሪ ነበሩ።

ስለ ጨው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አሰብ ከባሕር ውኃ ጨው የሚያደርቅ ትልቅ ሜዳ ነበራት። የኢትዮጵያ የገበታ ጨው በብዛት ከዚያና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ጨው ተቋረጠ። ያኔ ነው አፍዴራ ሐይቅ ስሙ የተነሣው። ዛሬ እናትህ ወጥ ላይ የምትጨምረው ጨው ከአፍዴራ ቢሆን ምክንያቱ ያ ጦርነት ነው። አጎቴ ግን አሁንም የአሰብ ጨው ይሻላል ይላል። ጨው ጨው ነው ስለው ሰውዬው ተቆጣ።

የመዘጋቱን ታሪክ አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነጻ አገር ሆነች። ከዚያም በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ዕቃ በአሰብ ማለፉን ቀጠለ። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ቆመ። በዓመቱ ግንቦት ላይ ጦርነት ሆነ። ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሰብ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታች። ለኢትዮጵያ ጭነት የተሠራ ወደብ ነበርና ያለ ኢትዮጵያ ጭነት ክሬኑ ምን ያነሣል? ከተማዋ ባዶ ሆነች። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ለየመን ጦርነት ጦር ሰፈር አድርጋባት ነበር። በ2021 ነቃቅላ ሄደች። ወደብ ወዛደር ያጣል፣ ወታደር ያገኛል፣ እሱንም ያጣል።

ኮምቦልቻም ያንኑ ጠጥታለች። ያ የባቲ መንገድ ከቡሬ ወዲያ ለሃያ ዓመት የሞተ ጫፍ ነበር። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት እዚህ የነበረውን ደስታ ከዚህ ውጪ ያለ ሰው አይረዳውም። የሁለቱ አገር መሪዎች አዲስ ዓመትን ከወታደሮቻቸው ጋር እዚያ ዋሉ። አጎቴ ያን ቀን ጫማውን አስጠርጎ ዋለ። የት ልትሄድ ነው ስንለው «የትም» አለ። በዚያ ሰሞን ስልክ ተደወለ። እሱ የሞተ የመሰለው አንድ የወደብ ጓደኛው አሰብ ውስጥ በሕይወት ነበር። ሁለት ጊዜ አወሩ። ሦስተኛው አልሆነም። ድንበሩ በወራት ውስጥ መልሶ ተዘጋ። ምክንያቱን የነገረን የለም።

አሁን ወደ ዛሬው ወሬ ልመለስ። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ጉዳይ በአደባባይ ካነሡ ወዲህ፣ አሰብ የማትነሣበት ቀን የለም። ሁለት ዓይነት ሰው እሰማለሁ። አንዱ «አሰብ የእኛ ናት፣ እንወስዳታለን» ይላል። ሌላው «ወደብ ሸቀጥ ነው፣ ከፍለን እንጠቀማለን፣ አሰብን እርሷት» ይላል።

የባሕር በር ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር አብዛኛውን ዕቃውን በአንድ ጎረቤት በር ሲያስገባ መጨነቁ አያስነቅፍም። ወደብ ሸቀጥ ነው የሚለው ሰው የኮምቦልቻን ባዶ ጎሚስታ አላየም። ሸቀጥ ቢሆን ኖሮ ሲዘጋ ከተማ አያደርቅም ነበር።

ግን «እንወስዳታለን» የሚለው ሰው ይበልጥ ያስፈራኛል። እሱ ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ ነው። ጦሩ የሚያልፈው በእኛ ደጅ ነው። አሰብ የሚወስደው አንዱ መንገድ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ ነው። ጦርነት መንገድ ዳር ያለ ከተማን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እናውቃለን። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ። ከወር በኋላ ኅዳር ላይ ተለቀቁ። ስንመለስ ፋብሪካዎቹ ተዘርፈው፣ ሆስፒታሉ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘነው። ጎረቤቴ የሽመና ማሽኑን ሲያጣ አላለቀሰም። የማሽኑ መርፌ መሬት ላይ ወድቆ ሲያገኝ ነው ያለቀሰው። ስለዚህ አንድ ሰው ካርታ ላይ ጣቱን ሲስብ እኛ የምናየው ሌላ ነገር ነው።

ሌላም አለ። አሰብ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል። አፋሩ ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ነው። አክስቱ ኤሊዳር፣ እሱ አሰብ። «እንወስዳታለን» ሲባል ከእነ ማን እንደሆነ ማንም አይናገርም።

እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ምናልባት ለዚህ ነው ቴሌቪዥን ላይ የማይወራው። መጀመሪያ ቡሬ ለሰው ይከፈት። ለመርከብ አይደለም፣ ለባንዲራ አይደለም። ለስልክ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለጨው፣ ለፍየል። ዕቃ የሚያመላልሰው ነጋዴ ከዚያ በኋላ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። የወደቡ ድርድር ረጅም ነው። ሁለት የተኮራረፉ መንግሥታት ሳይታመኑ የሚፈርሙት ውል ምን እንደሚሆን ደሴ በ1920ው ውል አይታለች።

ሁለተኛው ደግሞ እጃችን ላይ ያለው ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት። ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ቢራ፣ ቆዳ አላት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር መስመር ተጀምሮላታል። የቱርክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረበት ነው። ዋሻው ተፈልፍሏል፣ ድልድዩ ቆሟል፣ ጣቢያው ተሠርቷል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነገር ሳያልቅ ጦርነቱ ደረሰበት። ከሐራ ገበያ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ጅቡቲ ውስጥ ወዳለው የታጁራ ወደብ እንዲቀጥል ታስቦ ነበር። የባሕር በር የሚያሳስበው ሰው ሁሉ ስለዚህ ባቡር ለምን እንደማይጮህ አይገባኝም። መድረሻው ጅቡቲ ይሁን ታጁራ፣ አንድ ቀን ደግሞ አሰብ፣ ጭነቱ ከደጋው ወርዶ የሚጫንበት ቦታ ያው ኮምቦልቻ ነው። ወደቡ ቢገኝ እንኳ የሚወስድ ነገር ከሌለን ምን ልናደርግበት ነው?

ይህን ለአጎቴ ስነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አሰብ ባቡር ኖሯት አያውቅም እኮ» አለ።

«እና በምን ነበር ያ ሁሉ ዕቃ የሚወጣው፣ ጋሼ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«በጀርባ ነዋ! ከመርከብ እስከ መኪና በእኔ ጀርባ። ከዚያ ወዲያ በሾፌር» አለ። ከዚያ ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን መለሰው። ሰዎቹ አሁንም ካርታው ፊት ቆመዋል። «እስቲ ማንዳ የት እንደሆነች ያሳዩን» አለና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። አላሳዩም።